የእናቴ መደብና የባጃጆች አቋራጭ

በደጃችን የሚያልፈው መንገድ ድሮ መንገድ አልነበረም። ጓሯችን ነበር፤ ጎመንና ድንች የምንተክልበት፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ የቆመበት ጓሮ። በገዛ እጁ ቆፍሮ መንገድ ያደረገው አባቴ ነው፤ ያደረገውም ለእናቴ ብሎ ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ዛሬ ንፋስ መውጫ ውስጥ ያገኛችሁትን ባለ ባጃጅ ብትጠይቁ መንገዱ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው ብሎ ስለሚምልላችሁ ነው።

እናቴን ደም ግፊት ጣላት። ነፍሷ ተረፈች፤ ግራ እጇና ግራ እግሯ ግን አልታዘዝ አሏት። ቤታችን ከአስፋልቱ ወደ መናኸሪያው በሚወርደው ተዳፋት ወገብ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ከላይም ከታችም መኪና አይደርስበትም። ሆስፒታል ቀጠሮ ባላት ቁጥር ጎረቤት ይጠራና በወንበር ተሸክመው አስፋልቱ ድረስ ያወጧታል። ከሕመሙ ይልቅ ይሄ ነበር የሚያሳፍራት። ፊቷን በነጠላ ሸፍና "እንደ ጠላ ጋን አንጠለጠላችሁኝ እኮ" ትል ነበር። ሰው ይስቃል፤ እሷ አትስቅም።

አባቴ ፍርድ ቤት ተላላኪ ሆኖ ያረጀ፣ ጡረታ የወጣ፣ ቁጡ ሰው ነው። እኔም ቁጣዬን የወረስኩት ከእሱ ነው። አንድ ቀን ያንን ሳቅ ሰማና በማግስቱ ዶማውን አንስቶ ጎመኑን ነቀለ። ባሕር ዛፉን ቆረጠ፤ ድንጋዩን ፈነቀለ። እኔ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ አካፋ እየያዝኩ አግዘዋለሁ። ከአስፋልቱ እስከ ደጃችን ባጃጅ የምታስገባ መንገድ አወጣን። የመጀመሪያዋ ባጃጅ ወርዳ እናቴን ልታሳፍር ስትል ግን መዞሪያ አጣች። ተዳፋቱ አያስዞርም። አባቴ ትንሽ አሰበና ወደ መናኸሪያው የሚያሳየውን የታች አጥር አፈረሰላት። "በታች ውጣ ልጄ" አለው ሹፌሩን። እናቴ በባጃጅ ከደጇ ተነስታ ሄደች፣ በባጃጅ ደጇ ላይ ተመለሰች። ቤተሰቡ ሁሉ ተደሰተ። አጥሩን መልሶ ማጠር ማንም ትዝ አላለውም፤ ለነገሩ ለሚቀጥለው ቀጠሮ መፍረሱ አይቀርም።

በዚያው ሰሞን አባቴ መደብ ሠራላት። ከቤቱ የምሥራቅ ግድግዳ ጋር አያይዞ በድንጋይና በጭቃ ገነባው፤ ላዩ ላይ አጎዛ አነጠፈበት። ከተማችንን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ቤት ውስጥ በቀትር እንኳ ጋቢ አይወልቅም። ጠዋት ፀሐይ ደህና አድርጎ የሚያርፍብን ቦታ ያ ግድግዳ ብቻ ነው። ሐኪሙም ፀሐይ ትሙቅ፣ ሰው ትይ፣ ጨለማ ቤት አትዋል ብሎን ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት እዚያ ትቀመጣለች። በደህናው እጇ ምስር ትለቅማለች፣ አላፊ አግዳሚውን ትመርቃለች፣ የማን ልጅ ማን እንዳገባ ትሰማለች። ፊቷ ላይ ደም የሚመለሰው እዚያ ስትሆን ነበር። የቀራት ነገር እሱ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ባጃጆቹ መንገዷን ያወቋት ወዲያው ነው። መናኸሪያ የወረደ መንገደኛ ወደ ገበያው ለመውጣት ድሮ ዙሪያውን ይሄዳል፤ በእኛ ጓሮ ግን ቀጥ ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ የመጣው የእናቴ ሹፌር ነበር። ቀጥሎ ጓደኛው መጣ። ከዚያ የጓደኛው ጓደኛ። የእናቴ መደብ ከመንገዱ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው፤ መንገዱን ስንቆፍር ከደጇ እንድትሳፈር ብለን ግድግዳውን አስጠግተን ነበር የቆፈርነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር አቧራው ይነሳና ምስሯ ላይ፣ አጎዛው ላይ፣ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ ታደርግና እስኪበርድ ትጠብቃለች። ሳይበርድ ሌላው ይመጣል።

አባቴ መጀመሪያ በመልካም ነገር ጀመረ። ደጁ የደረሰን ሰው በባዶ መስደድ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ባጃጆቹን እያስቆመ፣ የቤቱን ደህንነት ጠይቀውት፣ የቤታቸውን ደህንነት ጠይቋቸው፣ ቆሎ ዘግኖ እየሰጠ ነበር የሚለምናቸው። "ልጆቼ፣ ይቺ የሕመምተኛ መንገድ ናት፣ በላይኛው ብትዞሩላት" ይላል። ቆሎውን እየበሉ "እሺ አባባ፣ እውነትዎን ነው" ይላሉ። በማግስቱ የማያውቁት ጓደኞቻቸው ሁሉ መጥተው ሰላምታ ሰጡት። እኔ ተናደድኩ። "አባየ፣ እያባረርክ ነው ወይስ እየጋበዝክ?" አልኩት። ተቀየመኝ።

የእኔ ተራ ሲደርስ እንደ መምህር አሰብኩ። ሰሌዳ አሠርቼ፣ በቀይ ቀለም "የግል መንገድ ነው፤ ባጃጅ ማለፍ ክልክል ነው" ብዬ ጽፌ ላይኛው መግቢያ ላይ ቸነከርኩት። ሳምንት ሳይሞላው፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከኋላዬ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠች ሴትዮ "ክልክሉ ጋ ወራጅ አለ!" ስትል ሰማኋት። ሰሌዳዬ ፌርማታ ሆነ። እስካሁንም ሰፈራችን "ክልክሉ" ይባላል። ያን ቀን ሳልፈልግ ስቄያለሁ። ቤት ገብቼ እናቴ በአቧራ የቀላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ።

አባቴ በመጨረሻ የሚያምንበትን ነገር አወጣ። ዱላውን ይዞ መንገዱ መሐል ቆሞ "በሕግ አምላክ!" ይላል። በእሱ ዘመን ይቺን ቃል የሰማ ሰው፣ ለጠብ የተጋበዘም ቢሆን፣ የሚሸሽ ሌባም ቢሆን፣ ባለበት ይቆማል። እድሜውን ሙሉ ሰው በዚህች ቃል ሲቆም አይቷል። ባጃጆቹ ውስጥ ግን ዘፈን አለ፤ አይሰሙትም። የሰሙትም የሚሳፈር ሽማግሌ መስሏቸው ያቆሙና "የት ነዎት አባባ?" ይሉታል። ከዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ አንጀቴን የበላኝ ይሄ ነው።

ድንጋይ ደረደርን፤ ተሳፋሪዎቹ እየወረዱ አነሱት። ከመካከላቸው አንዱ ሲያነሳ እኔ ብቅ ብል፣ "እህቴ፣ ማን የማይረባ ነው እዚህ ድንጋይ የሚጥልባችሁ?" ብሎ አዘነልኝ። እሾህ ከመርን፤ የከመርነውን የጎረቤት ፍየሎች በሉት፤ የተረፈውን እንጨት ያጣ ሰው ወሰደው። አቤት ያልንበት ቦታ አንድ ሹም ነገሩን በዓይኔ ልየው አለና መጣ። በባጃጅ ነበር የመጣው። በታች ገብቶ በላይ ወጣ፤ ሲወጣ በመስኮቱ "ጥሩ መንገድ ነው" አለን።

ከዚህ በኋላ አባቴ በፈረሰው የታች አጥር ቦታ የቆርቆሮ በር አሠራ። ሁለት ወፍራም የጽድ ምሰሶ ተከለ፣ ከላይ አግዳሚ ጫነበት፣ ትልቅ ቁልፍ አንጠለጠለ። አንዱን መክፈቻ ለእናቴ ሹፌር ሰጠው። ባጃጆቹ ተንጫጩ፣ ሰደቡን፣ ቆርቆሮውን በእርግጫ መቱት፣ ከዚያ ተዉት። አለቀ። እናቴ እንደገና መደቧ ላይ ወጣች። ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት አጎዛዋን አራግፌ አነጥፍላታለሁ፤ ስመለስ ፊቷ ሞቅ ብሎ አገኛታለሁ። ያን በጋ አባቴ እንኳ ቁጣውን ረሳ። ከጎኗ ቁጭ ብሎ ምስር ይለቅም ነበር፤ ጠጠሩን እየተወ ምስሩን ይጥላል እያለች ትስቅበታለች።

ጥር መጣ። እናቴ ከታመመች ወዲህ ጥምቀት አልወጣችም። የከበሮው ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ በዓሉን ሁሉ ታለቅሳለች። በዚያ ዓመት ግን ዋዜማው ሳይደርስ "ታቦቱን ሳላየው ልቀር ነው" አለችው አባቴን። አባቴ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ደብሩ አለቃ ሄደ። ታቦቱ ሲመለስ በሄደበት ስለማይመለስ፣ በእኛ ደጅ ቢያልፍ ምን አለበት ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። አለቃውም እናቴን ያውቋታል፤ እሺ አሉ።

መንገድ የሚያሰናዱት የሰፈሩ ጎረምሶች መጡ። ግማሾቹ ባለ ባጃጆቹ ናቸው፤ ለበዓሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት አሠርተዋል። ጉድጓዱን ሞሉ፣ ኮረኮንች አፈሰሱ፣ ያዘነበለውን ባሕር ዛፍ ቆረጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ አንዱ ቀና ብሎ አግዳሚውን አየና "ጥላው በዚህ አያልፍም። ታቦቱ ተጎንብሶ ሊያልፍ ነው እንዴ?" አለ። ሁላችንም ደነገጥን። አባቴ ማንንም አላስነካም፤ ራሱ አግዳሚውን አወረደ፣ ምሰሶዎቹን ነቀለ፣ ቆርቆሮውን ግድግዳ አስደገፈ። ጎረምሶቹ የምሰሶዎቹን ጉድጓድ ሞልተው በእግራቸው ደመደሙት። ያን ጊዜ የማናችንም ልብ በሩ ላይ አልነበረም።

ስለዚያ ቀን ብዙ መጻፍ አልችልም። እናቴን ነጭ አልብሰን መደቧ ላይ አስቀመጥናት። ቄጠማው በመንገዱ ሁሉ ተጎዝጉዟል። እልልታው ከታች ጀመረ፤ ጥላዎቹ አንድ በአንድ ከተዳፋቱ ብቅ አሉ። ታቦቱ መደቡ ፊት ሲደርስ ቆመ። ዝማሬው በረድ አለ። እናቴ በደህናው እጇ የሞተውን እጇን ይዛ አነሳችው፤ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች። አለቃው በመስቀላቸው ባረኳት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ ከሰው ጀርባ ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዶማውን ይዞ በሩን ሊተክል ወጣ። አንድ ሁለቴ ቆፈረ። ውሃ የቀዳች ጎረቤታችን ከላይ ስትወርድ አየችውና ጀሪካኗን አስቀመጠች።

"ምን ሊያደርጉ ነው?"

"በሬን ልመልስ ነዋ።"

"ታቦት የወጣበትን ደጅ ሊዘጉ? ኧረ በስመ አብ! እርስዎን የመሰለ ሰው!"

አባቴ ዶማውን እንደ ያዘ ቀረ። ባጃጆቹ ከታች ተሰልፈው ያያሉ። አንዱ ወረደና በትሕትና፣ "አባባ፣ እኛ ምን አገባን። ታቦቱ የከፈተውን ግን እንግዲህ…" አለ። እኔ በር ላይ ሆኜ "ቅጥፈት ነው! ታቦቱ ለአንድ ሕመምተኛ ሲል ነው የመጣው!" ብዬ ጮህኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። የሚያዩት እሱን ነበር።

አባቴ አለቃው ዘንድ ሄደ። ሲመለስ ያሉትን ቃል በቃል ነገረን። "እንዲህ የሚል ሥርዓት የለም። ብትዘጋው አልገዝትህም። ዝጋውም ግን አልልህም፤ ሰው ይከፋዋል" ብለውታል። አባቴ ያንን ቀን ሁሉ በሩ አጠገብ ቆመ። ይዝጋው ብለው ቢያዙት ይዘጋው ነበር። አትዝጋው ብለው ቢያዙትም ሐዘኑን ችሎ ይቀመጥ ነበር። በራሱ ፈቃድ ግን ታቦት ባለፈበት ላይ ቁልፍ ማንጠልጠል አልቻለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅበታል፤ አባቴን ግን የሠራው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ምሰሶዎቹን ከግድግዳው ሥር አጋደማቸው። ሁለተኛ አልነካቸውም።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ከመጀመሪያው የባሰ ነው። ድሮ በእኛ ደጅ የሚያልፍ ባለ ባጃጅ ትንሽ እንኳ ያፍር ነበር። አሁን "በታቦቱ መንገድ ልውሰዳችሁ?" ይላል። የእናቴ መደብ አጠገብ ሲደርስ አንድ እጁን ከመሪው ላይ ያነሳና ያማትባል። ፍጥነቱን ግን አይቀንስም። እናቴ በአቧራው ውስጥ ሆና አሜን ትላለች። አንድ ጠዋት የባጃጅ ጎማ መደቧ ላይ ያስደገፈችውን ምርኩዝ ሰብሮት አለፈ፤ እግሯ ከዚያ ጥቂት ወጣ ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚሆነውን አላውቅም። በዚያው ቀን ወደ ውስጥ አስገባናት። አልጋዋ መስኮት በሌለው ክፍል ነው፤ መስኮት ያለው በመንገዱ በኩል ስለሆነ አቧራው አያስኖራትም።

"እማየ፣ እኔ ለብቻዬ ልዝጋው፤ እኔን ይውቀሱኝ" አልኳት።

"ተይ። እኔ አይደለሁ የለመንኩት? ታቦቱን አይቻለሁ። አልቆጭም" አለች። ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገችና፣ "ዛሬ ፀሐይ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

እንደምትቆጭ ያወቅሁት በዚህ ነው። በታቦቱ አይደለም የምትቆጨው፤ በፀሐይዋ ነው። ሁለቱ ለምን አብረው እንደማይሆኑላት ለእኔም አልገባኝም።

አገራችን በእነዚህ ዓመታት እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። መንገድ የሚዘጋባቸው ቀኖች አሉ። ከደብረ ታቦርም ከወልድያም የሚመጣ ይጠፋል፣ ገበያው አይቆምም፣ ባጃጅ ከቤቱ አይወጣም። ሰው በሩን ዘግቶ ይሰጋል። እናቴ ፀሐይ የምታገኘው በእነዚያ ቀኖች ብቻ ሆነ። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ "ዛሬ መንገድ ዝግ ነው?" ትለኛለች። ከተማው ሁሉ የሚፈራውን ቀን እሷ እንደ በዓል እንደምትጠብቀው አውቃለሁ፤ እሷም ማወቄን ታውቃለች። ስለዚህ ቀስ ብላ ነው የምትጠይቀኝ። "ዝግ ነው" ስላት አባቴ አጎዛውን ያነጥፋል።

ከእነዚህ ቀኖች በአንዱ መደቧ ላይ ሆና ወደ ግድግዳው አዘነበለች። ደም ግፊቱ ዳግመኛ ጥሏት ነበር። የእናቴ ሹፌር ቤት ሮጥኩ፤ ባጃጁን ማውጣት አይችልም። ራሱ ግን ሮጦ መጣ። የሚንቀሳቀስ ነገር በሌለበት ከተማ፣ ለእሷ ብለን በቆፈርነው መንገድ፣ እንደ ድሮው በትከሻ ተሸክመናት ወጣን። አባቴ ከፊት ከፊት ዱላውን እያወዛወዘ "በሕግ አምላክ! መንገድ ልቀቁ!" እያለ ይሮጥ ነበር። መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። አስፋልቱ ሳንደርስ አረፈች።

የለቅሶው ድንኳን የተተከለው እዚያው መንገዱ ላይ ነው፤ ሌላ ሜዳ የለንም። ያን ጊዜ መንገድ ተከፍቶ ነበር። አንድም ባጃጅ ሊያልፍ አልሞከረም። የለቅሶ ድንኳን መንገድ ዘጋ ብሎ የሚከራከር ሰው በአገራችን አልተፈጠረም። ባለ ባጃጆቹ ቀብር ወጡ፣ አፈር መለሱ፣ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ንፍሮ ቀመሱ። በቆርቆሮ፣ በድንጋይ፣ በልመና፣ በሕግ ስም ያላገኘነውን ዝምታ በሸራ አገኘነው። ጠዋት ፀሐይዋ የድንኳኑን ጫፍ አልፋ ባዶው መደብ ላይ ታርፋለች። አቧራ የለም።

ሠልስቱ እንዳለፈ የእድር ሰዎች ድንኳኑን ሊነቅሉ መጡ። አባቴ ካስማው አጠገብ ቆመ።

"ትንሽ ይቆይልኝ" አለ።

"ጋሼ፣ ባይቸግረን ኖሮ…"

"ነገ ውሰዱት። ለዛሬ ይቆይልኝ።"

የእድሩ ዳኛ ትከሻውን ያዙት። "ሌላ ለቅሶ አለብን ወንድሜ። ከታች ሰፈር ሰው ሞቷል" አሉት በቀስታ። በሌላ ነገር ቢሆን አባቴ ይሟገት ነበር። ለሌላ ሐዘንተኛ ግን ምን ይላል? ካስማውን ራሱ ነቀለላቸው።

ሸራው ተጠቅልሎ ሳይጫን ባጃጅ ከላይ መጥታ ቆማ ትጠብቅ ነበር። መንገዱ ሲለቀቅ ቀስ ብላ ወረደች። ሹፌሩ ዘፈኑን አጥፍቶ፣ አጠገባችን ሲደርስ "ነፍስ ይማር አባባ" አለና አማተበ። የተከተለው ትንሽ ፈጠን አለ። ሦስተኛው እንደ ልማዱ ነበር። አባቴ መደቡ ላይ ሄዶ ቁጭ አለ። አቧራው ሲመጣ፣ እሷ ታደርገው እንደነበረው፣ ነጠላውን ወደ አፉ ሳብ አድርጎ እስኪበርድ ጠበቀ።